የስኳር ሕመሜና የሰው ቤት ገንፎ

መጀመሪያ የተሰማኝ ጥማት ነው። ሸዋ ሮቢት ውስጥ ግን "ጠማኝ" ያለን ሰው ማንም ዞር ብሎ አያየውም። እዚህ ሁሉም ይጠማዋል። ዶሮው ይጠማዋል፣ አህያው ይጠማዋል፣ ከደብረ ሲና ቁልቁል የወረደው መንገደኛ ገና ከአውቶቡሱ ደረጃ ላይ ሹራቡን እያወለቀ ውሃ ይላል። ስለዚህ እኔ በቀን አንድ ጀሪካን ውሃ ለብቻዬ መጨረስ ስጀምር እናቴ ያለችው "ዘንድሮ ሙቀቱ ብሷል" ብቻ ነበር።

ያን ጊዜ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ትምህርቴን ስምንተኛ ክፍል ላይ አቁሜ ከእናቴ ጋር መንገድ ዳር ማንጎና ፓፓያ እሸጥ ነበር። እሸጥ ነበር ከምል ከማንጎው አጠገብ እቀመጥ ነበር ብል ይሻላል። ሌሎቹ ሴቶች አውቶቡስ ሲቆም ሳፋቸውን ከፍ አድርገው ከመስኮት መስኮት እየሮጡ ይጣራሉ። የኔ አፍ አይከፈትም። መንገደኛው ራሱ ወርዶ፣ ራሱ መርጦ፣ ዋጋውንም ራሱ ገምቶ ካልገዛኝ በቀር ማንጎዬን ይዤ እመለሳለሁ። እናቴ "ይቺ ልጅ ማንጎውን ትጠብቀዋለች እንጂ አትሸጠውም" ትል ነበር። ሐሰት አልተናገረችም።

ውሃው አልበቃ ሲለኝ ያልተሸጠውን ማንጎ እየጨመቅኩ መጠጣት ጀመርኩ። ጎረቤቶቻችን መክሳቴን አይተው "አቅም አጥታለች" ብለው ማር በጥብጠው አመጡልኝ። ጠጣሁ። ስኳር የበዛበት ሻይ አመጡልኝ። ጠጣሁ። ሰው የሰጠኝን አልፈልግም ማለት አላውቅም። ሽንት ቤት መመላለሴን ግን ለማንም አልተናገርኩም፤ አፈርኩ። ይህን የምጽፈው ሕመሙ አሁን ለጀመራችሁ ስለሆነ ከወዲሁ ልንገራችሁ፤ ጥማት፣ ቶሎ ቶሎ መሽናትና ክሳት አንድ ላይ ከመጡ ሙቀቱ አይደለም። ሄዳችሁ ተመርመሩ።

በሦስተኛው ሳምንት ዓይኔ ደበዘዘ። ማስመለስ መጣ። ከዚያ ትንፋሼ ተለወጠ። በጥልቀት እተነፍሳለሁ፤ አይበቃኝም። እናቴ አፌን አሸተተችኝ። "የበሰበሰ ማንጎ ይሸታል" አለች። ልነሳ ስል እግሬ አልያዘኝም። በባጃጅ ወሰዱኝ። ጣቴን ወጉኝ። መሣሪያው ቁጥር አልሰጠም። ከሚለካው በላይ መሆኑን ብቻ አሳየ። ከዚያ በኋላ ያለውን አላስታውስም።

ስነቃ ክንዴ ላይ ግሉኮስ የሚመስል ነገር ተሰክቷል፤ ሐኪሙ ከእናቴ ጋር ይነጋገራል።

"ዲያቤቲክ ኪቶአሲዶሲስ ይባላል፤ ስኳሩ በዝቶ ደሟ በአሲድ ተመርዟል። ዓይነት አንድ የስኳር ሕመም ነው። ሰውነቷ ኢንሱሊን ማምረት አቁሟል። ከዛሬ ጀምሮ በመርፌ ትወስዳለች።"

"እስከ መቼ?"

"ሁልጊዜ።"

እናቴ "ማንጎው ነው ያመጣባት?" ብላ ጠየቀች።

"አይደለም" አላት። "ማንጎው ምንም አላጠፋም። እሷም ምንም አላጠፋችም።"

ይህን የተናገረልኝን ሐኪም እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ። እናቴም ታመሰግነዋለች፤ ከኔ ይልቅ ማንጎው ነጻ መውጣቱ ሳያስደስታት አልቀረም።

ከሆስፒታል ስወጣ መርፌ መውጋቱን ቶሎ ለመድኩት፤ የከበደኝ መድኃኒቱን ማስቀመጡ ነበር፤ ቤታችን ማቀዝቀዣ የለም፣ የሮቢት ሙቀት ደግሞ ኢንሱሊንን ያበላሻል፤ ስለዚህ የሆስፒታሉ የምግብ ባለሙያ ሲስተር ሙሉነሽ ባስተማረችኝ መሠረት አንድ ገንቦ ወስደን ውስጡን እርጥብ አሸዋ ሞላነው፣ ብልቃጡን በላስቲክ ጠቅልለን አሸዋው መሐል ቀበርነው፣ ገንቦውንም ጥላ ውስጥ አስቀምጠን ጠዋትና ማታ ውሃ እናጠጣው ጀመር። እናቴ ከኔ በፊት ገንቦውን ነበር እንዴት አደርክ የምትለው።

ሲስተር ሙሉነሽ ቀጭን፣ ፈጣን፣ ስትናገር እጇ የማያርፍ ሴት ናት። ለቀጠሮ በሄድኩ ቁጥር የበላሁትን ትጠይቀኛለች፤ እኔም በሹክሹክታ እመልሳለሁ፤ እሷም ጠረጴዛው ላይ ተደግፋ ጆሮዋን ታቀርብልኛለች። ከአንድ ዓመት በኋላ አንድ ቀን ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ በጣቷ አሳየችኝ። ሆስፒታሉ ከሕመምተኞች መካከል ለሦስት ወር የምግብ ምክር ተለማማጅ ይፈልጋል ይላል። ማንበብና መጻፍ የሚችል፣ የአካባቢውን ቤት የሚያውቅ።

"ከዩኒቨርሲቲ የሚመጡት ተለማማጆች ካርቦሃይድሬቱን ያውቁታል" አለችኝ። "ሰው ቤት ሲገቡ ግን ሰው ይደነግጣል። አንቺን የሚደነግጥ የለም። አመልክቺ።"

ማመልከቻ ጽፌ አላውቅም። ስለዚህ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ጃንጥላ ዘርግተው ለሰው ማመልከቻ ወደሚጽፉት ወደ ጋሽ ደምሴ ሄድኩ። ጋሽ ደምሴ ዕድሜያቸውን ሙሉ የጻፉት ክስ ነው።

"ጉዳይሽ ምንድን ነው?"

"የ... ሆስፒታል..." አልኩ።

"ሆስፒታል ምን አደረገሽ?"

"የምግብ..."

"ከለከሉሽ?"

ዝም አልኩ። ዝም ያለ ባለጉዳይ ለጋሽ ደምሴ የተበደለ ባለጉዳይ ነው። አዘኑልኝ። ስሜን ብቻ ጠይቀው ሁለት ገጽ ጽፈው፣ "ፈርሚ" ብለው፣ በደንብ አጥፈው ሰጡኝ። እኔም ሳላነብ ለሲስተር ሙሉነሽ አስረከብኩ። እሷ ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች። "አመልካች፦ ሰዓዳ። ተጠሪ፦ ሆስፒታሉ። ተጠሪ በአመልካች ላይ ያደረሰው በደል በቃላት የሚገለጽ ባለመሆኑ፣ ምግቧንም ያለ አግባብ ስለከለከላት፣ ኪሳራዋን አስልቶ እንዲከፍል እንዲወሰንልኝ..." እዚህ ላይ ማንበብ አቃታት። ከጎኗ ያለችው ነርስ ወንበር ፈለገች። እኔ ወለሉን እያየሁ የምገባበት ስንጥቅ እፈልግ ነበር።

"እዚሁ ተቀምጠሽ በራስሽ እጅ ጻፊ" አለችኝ። ሦስት መስመር ጻፍኩ። "የስኳር ሕመም አለብኝ። ምግብ እንዴት እንደሚበላ ተምሬያለሁ። ሌሎችን ማስተማር እፈልጋለሁ፤ ግን አፍራለሁ።" ተቀበሉኝ።

ልምምዱ ቀላል ይመስል ነበር። አሥር የስኳር ሕመምተኞች ቤት እሄዳለሁ፤ እያንዳንዳቸው ከትናንት ጠዋት እስከ ዛሬ ጠዋት የበሉትንና የጠጡትን በጭልፋና በስኒ ለክቼ ቅጽ ላይ እመዘግባለሁ፤ ከሲስተር ጋር ምን መለወጥ እንዳለበት አይተን ተመልሼ እመክራለሁ። በየሐሙሱ ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ለሕመምተኞች በሚሰጠው ትምህርት ላይ አግዛለሁ። አሥሩን ጨርሼ፣ አንድ ሐሙስ ደግሞ ራሴ ቆሜ ካስተማርኩ ልምምዴ ተጠናቀቀ ማለት ነው፤ ከዚያም በሳምንት ሁለት ቀን እዚያው ሥራ ይሰጡኛል። መንገድ ዳር ተቀምጬ ማንጎ ከመጠበቅ የምወጣበት ሌላ በር አልነበረኝም። ስለዚህ ልምምዱን አለመጨረስ ለኔ ቀላል ነገር አልነበረም።

የመጀመሪያው ቤት ስገባ ቅጼን አውጥቼ "ከትናንት ጠዋት ጀምሮ ምን በሉ?" ብዬ ጠየቅኩ።

"ምን ይበላል ልጄ" አሉኝ ሴትየዋ። "ውሃ ብቻ።"

ውሃ ብዬ ጻፍኩ። ሴትየዋም ወዲያው ተነስተው የማሽላ ገንፎ ከነቅቤው አቀረቡልኝ። ጠግቤያለሁ አልኩ። "በሞቴ!" አሉ። በላሁ። "አፈር ስሆን ይቺን ብቻ!" አጎረሱኝ። ጉርሻ አይመለስም፤ ዋጥኩ። ሁለተኛው ቤት ያሉት ሰውዬም "እኔ ከትናንት ጀምሮ አልቀመስኩም፤ አልሃምዱሊላህ" አሉና በሥጋ ወጥ ሳህን አስሞሉልኝ። ሦስተኛው ቤት ሻይ በአራት ማንኪያ ስኳር። ትናንት እህል አልቀመስንም የሚሉ ሰዎች እኔን ለማጥገብ ይጣሉ ነበር። ለምን እንደሆነ የገባኝ በኋላ ነው።

ሲስተር ሙሉነሽ ቅጾቼን ገለባበጠቻቸው። "ውሃ፣ ውሃ፣ ምንም፣ ውሃ። ሰዓዳ፣ በዚህ ወረቀት መሠረት ሮቢት ውስጥ የሚበላ ሰው የለም።" እኔ ግን ቀሚሴ ጠቦኛል።

ውርደቱ የመጣው በሁለተኛው ሐሙስ ነው። ሲስተር የደም ስኳር መለኪያውን አጠቃቀም ስታሳይ "ተለማማጃችን ጣቷን ትሰጠናለች" አለች። ከጠዋት ጀምሮ ሁለት ቤት ገብቻለሁ። እጄን ልደብቅ አሰብኩ፤ የሚደበቅበት አልነበረም። ወጋችኝ። መሣሪያው አራት መቶ አሥራ ሁለት አሳየ። ሲስተር ቁጥሩን ጮክ ብላ ካነበበች በኋላ ነው የደነገጠችው።

"ኧረ ይቺ ከኛም ባሰች!" አለ አንድ ሰው ከኋላ። ግቢው ሙሉ ሳቀ። አንድ ሽማግሌ "እሷን ማን ነው የሚመክራት?" ብለው በቁም ነገር ጠየቁ።

ሲስተር ሙሉነሽ ሁሉም ሲሄድ ብቻችንን ቀርተን አናገረችኝ። አልተቆጣችም፤ ይሄ ይበልጥ አስፈራኝ።

"በየቤቱ ስትበዪ ነው የምትውዪው።"

"በሞቴ ሲሉኝ..."

"አውቃለሁ። ግን እንቢ ማለት የማትችል ሴት ሕመምተኛን እንዴት ነው እንቢ በል ብላ የምትመክረው? ከዛሬ ጀምሮ ከቤት ጉብኝት ስትመለሺ እኔ ጋ ትለኪያለሽ። ከሁለት መቶ በላይ ከሆነ ልምምዱን አስቆመዋለሁ። ላዋርድሽ ብዬ አይደለም። ገና አንድ ዓመትሽ ነው፤ ኩላሊትሽን ለገንፎ አሳልፌ አልሰጥም።"

እንቢ ለማለት ሞከርኩ፤ እውነት ሞከርኩ። አንዴ ጾም ላይ ነኝ አልኩ፤ ማፍጠሪያ ብለው በፌስታል ቋጠሩልኝ፤ በማግስቱም እንዴት እንዳፈጠርኩ ጠየቁኝ። ሌላ ቀን ጥርሴን ያመኛል አልኩ፤ ገንፎ ጥርስ አይፈልግም ተባልኩ። የስኳር ሕመም አለብኝ የሚለውን እውነተኛ ምክንያት ግን በአንድም ቤት አልተናገርኩም። እነሱ መካሪ መጣች ብለው ነው የሚያከብሩኝ። ደግሞ ያልተዳረች ልጅ ነኝ፤ ወሬ እግር አለው ብዬ ፈራሁ።

ስለዚህ ተንኮል አሰብኩ። ጠዋት በምወጋው በታዘዘልኝ ኢንሱሊን ላይ ከቤት ከመውጣቴ በፊት አራት ዩኒት እጨምር ጀመር። ሰዎቹ ያበሉኛል፤ ኢንሱሊኑ ያወርደዋል፤ ማንም አይቀየምም። አራት ቀን ሠራ። ቁጥሬ አማረ። ሲስተር "ጎበዝ፣ አፍሽን ከፈትሽ ማለት ነው" አለችኝ። ፈገግ አልኩ። ይህን ክፍል ሳልቆርጥ የምጽፈው ማንም እንዳይደግመው ነው።

በአምስተኛው ቀን እትዬ ጦይባ ቤት ሄድኩ።

እትዬ ጦይባ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ከሮቢ ወንዝ ማዶ፣ ማሾ በሚዘራበት ማሳ ዳር የሚኖሩ ባልቴት ናቸው። የስኳር ሕመም ከያዛቸው ቆይቷል። ግራ እግራቸው ላይ የማይድን ቁስል ነበራቸው፤ በቁስሉ ምክንያት የሐሙሱ ትምህርት ላይ አይመጡም። ሐኪሙ ስኳራቸው ካልወረደ እግሩ ያሰጋል ብሏል። ከአሥሩ ሰዎች ሁሉ ሲስተርን ያስጨነቋት እሳቸው ነበሩ። ከአሥሩ ሁሉ ደግሞ እንደሳቸው የሚያበላኝ አልነበረም። የሳቸው ገንፎ መሐሉ የቅቤ ኩሬ፣ ዳሩ የማር ወንዝ ነው። ስለዚህ ያን ቀን አራት ሳይሆን ስድስት ዩኒት ጨመርኩ። ምሳም አልበላሁም፤ እዚያ እበላለሁ ብዬ።

በፀሐይ በእግሬ ሄጄ ደረስኩ። እትዬ ጦይባ በሩ ላይ ቆመው ይጠብቁኛል። ፊታቸው በርቷል።

"ነይ ግቢ! ዛሬ ታያለሽ!"

ገባሁ። ሳህን አቀረቡ። የተቀቀለ ጎመን ነው። አጠገቡ አንድ ብርጭቆ ውሃ።

"እንዳልሽኝ ነው ያደረግኩት" አሉ። "ገንፎ ቀረ። ማር ቀረ። ስኳርማ ከዚህ ቤት ከወጣ ቆየ። እንግዳም ቢሆን ይህንኑ ይበላል ብዬ ቆረጥኩ።"

ከገባሁባቸው ቤቶች ሁሉ ምክሬን የሰማ አንድ ቤት ተገኘ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ጎመኑን በላሁ። ጣቴ ተንቀጠቀጠ። ላብ አጠመቀኝ። እትዬ ጦይባ "አዎ፣ ዛሬ ይሞቃል" አሉ። ከንፈሬ ደነዘዘ። ሃይፖግላይሴሚያ መሆኑን አውቄያለሁ። የደም ስኳር ከልክ በታች መውረድ። ተምሬዋለሁ። መድኃኒቱንም አውቃለሁ። ሦስት ማንኪያ ስኳር በውሃ። በቦርሳዬ ከረሜላ አልያዝኩም። የስኳር ምክር ሰጪ ከረሜላ ይዛ ብትገኝ አፍር ነበር።

መጠየቅ አለብኝ።  ራሴ የከለከልኩትን ቤት ስኳር ስጡኝ ልበል?

"እትዬ ጦይባ... ስኳር አለ?"

ፈገግ አሉ። ጣታቸውን አወዛወዙብኝ። "አይ አንቺ! ልትፈትኚኝ ነው! ሲስተር ናት የላከችሽ!"

"አይደለም..."

"አውቄብሻለሁ! የለም ብያለሁ የለም!"

ግድግዳው ዞረ። የሳቸው ፊት ሁለት ሆነ። ወንበሩን ለመያዝ ስል ተንበረከክኩ። እሳቸው አሁንም እየሳቁ ነው። እዚህ ዝም ካልኩ እሞታለሁ ብዬ አሰብኩ። በጥሬው ይህንኑ ነው ያሰብኩት።

ጮህኩ።

"እኔም የስኳር ሕመምተኛ ነኝ! ወርዶብኛል! ስኳር ስጡኝ፣ ልሞት ነው!"

እንዲህ ያለ ድምፅ እንዳለኝ አላውቅም ነበር። ማዶ ያለ ውሻ ጮኸ። እትዬ ጦይባ "ያ ረቢ!" ብለው ዘለሉ፤ በዚያ በታመመ እግራቸው። ወደ ጓዳ ሮጡ። ማሽላ የተቀመጠበትን ጎታ ከፈቱ። እጃቸውን እስከ ብብታቸው ከተቱ። ማሽላው መሬት ላይ ፈሰሰ። አንድ ትልቅ ፌስታል ስኳር አወጡ።

"ስንት ማንኪያ?"

"ሦስት።"

አራት አደረጉት። በጠበጡ። ራሴን ደግፈው አጠጡኝ። "ቢስሚላህ በይ፣ ቢስሚላህ በይ የኔ እናት" እያሉ ጀርባዬን አሹኝ። መለኪያው ቦርሳዬ ውስጥ ስለነበር እሳቸው እየወጉ እኔ አነበብኩ። አርባ ስድስት። ሩብ ሰዓት ጠበቅን። ሰማንያ ሁለት። አለቀስኩ። እሳቸውም አለቀሱ። ከዚያ ሁለታችንም አንድ ላይ ዓይናችን ፌስታሉ ላይ አረፈ።

"እትዬ ጦይባ" አልኩ። "ይሄ ጎታ ውስጥ ምን ይሠራል?"

ነጠላቸውን አስተካከሉ። "ለእንግዳ ነው።"

"እንግዳ ጎመን ይበላል ብለው ቆርጠው የለ?"

የፌስታሉን አፍ ቋጠሩና "አንዳንዴ እንግዳዋ እኔው ነኝ" አሉ።

ሳቅን። ያን ጊዜ ነው አንድ ነገር ትዝ ያለኝ፤ በየቃሉ ወላሂ የሚሉት እትዬ ጦይባ ስኳር የለም ሲሉኝ አንድ ጊዜም ወላሂ አላሉም ነበር። እኔን መዋሸቱን ደፍረዋል፤ በአላህ ስም መዋሸቱን ግን አልደፈሩም።

ማሽላውን አብረን እያፈስን በወረቀቶቼ ሁሉ ላይ ለምን ውሃ ብቻ እንደተጻፈ ጠየቅኳቸው። በሞኝነቴ ተገረሙ። "ቅጽ ይዞ ምን በላችሁ የሚል ሰው ለእርዳታ እህል መዝጋቢ ነዋ! በላሁ ያለ ከመዝገብ ይሰረዛል። ልጅቷ ደግ ናት፣ ታስመዘግበናለች ብለን ነው እንዲያ የምናበላሽ።"

እርዳታ እንደማይገኝበት፣ እግራቸውን ለማዳን ብቻ እንደምጠይቅ፣ እኔም እንደሳቸው ታምሜ የምበላውን በየቀኑ እየመዘገብኩ እንደምኖር ነገርኳቸው። ከዚያ ቅጹን አወጣሁ። ያበሉኝን ሳይሆን የበሉትን ነገሩኝ። ወረቀቱ በሁለት ፊቱ ሞላ። በልምምዴ የሞላሁት የመጀመሪያው እውነተኛ ቅጽ ይህ ነው።

አሁን ሲስተር ጋ መሄድ ቀረ። ኢንሱሊን እየጨመርኩ እንደነበር ሳልደብቅ ተናገርኩ። ይህን ጊዜ ተቆጣች።

"ኢንሱሊን የይሉኝታ መድኃኒት አይደለም! ሰው እንዳይቀየምሽ ብለሽ ነው ራስሽን ልትገድዪ የነበረው?"

ልምምዴን ለአንድ ሳምንት አቋረጠችው። ሳምንቱን ሙሉ እንደ ተለማማጅ ሳይሆን እንደ ሕመምተኛ ተመላለስኩ፤ ሐኪሙ መጠኑን እንደገና አስተካከለልኝ። በሚቀጥለው ሐሙስ ቆሜ ካስተማርኩ ልቀጥል፣ ካልቻልኩ ልተው፤ ውሳኔዋ ይህ ነበር።

ሐሙስ መጣ። ሰው ሞላ። እትዬ ጦይባ ለመጀመሪያ ጊዜ በባጃጅ መጥተው፣ እግራቸውን በፋሻ ጠቅልለው ከፊት ተቀመጡ። ቆምኩ። "እ..." አልኩ። ሌላ ነገር አልወጣም። ያ ቁጥሬ አራት መቶ አሥራ ሁለት ሲሆን "ከኛም ባሰች" ያለው ሰውዬ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ጎታውን ንገሪያቸው!" አሉ እትዬ ጦይባ።

"ልንገራቸው?" አልኩ፤ የሳቸው ምስጢር ነውና።

"ንገሪያቸው እንጂ፣ ምን ያፍራል ያረጀ ሰው!"

"እኔ የስኳር ሕመምተኛ ነኝ" ብዬ ጀመርኩ። ከዚያ በኋላ ያለው ራሱ ወጣ። በሹክሹክታ ጀምሬ ከኋላ ያሉት "አይሰማም!" ሲሉ ድምፄን ከፍ አደረግኩ፤ ስለ ማንጎው፣ ስለ ገንፎው፣ ስለጨመርኩት ስድስት ዩኒት፣ ተንበርክኬ ስለጮህኩት ተናገርኩ፤ እትዬ ጦይባ ደግሞ የረሳሁትን እያስታወሱ፣ አንዳንዱንም ያልተደረገውን እየጨመሩ አገዙኝ። ስጨርስ ሲስተር ሙሉነሽ "እስቲ እውነቱን፣ ሌሎቻችሁ የት ነው የምትደብቁት?" አለች። እሷን ማን ይመክራታል ያሉት ሽማግሌ እጃቸውን አወጡ። "ከረሜላ ከሆነ... ከዳዊቴ ማኅደር ውስጥ አለ" አሉ። ከዚያ በኋላ የሚያስቆማቸው አልተገኘም፤ አንዷ ከትራሷ ውስጥ፣ አንዱ ከሞተ ሬዲዮው ባትሪ ቤት ውስጥ፣ ሁሉም ተናዘዘ።

የቀሩትን ዘጠኝ ቅጾች እንደገና ለመሙላት አንድ ወር ፈጀብኝ። ግን ቤት ስገባ ከሰላምታው ቀጥሎ ሕመሜን ስለምናገር ነገሩ ተለወጠ። "በሞቴ" ማለታቸውን አልተዉም፤ መቼም አይተዉም። አሁን የምለው "ከጉርሻው አንዷን ብቻ፣ እርስዎም ከሻይዎ ስኳር አንድ ማንኪያ ይቀንሱልኝ" ነው። ብዙዎቹ እኔን አንድ ጉርሻ ለማጉረስ ሲሉ ከሻያቸው ሁለት ማንኪያ ቀንሰዋል። ገንፎውን ግማሽ አድርገን በማሾ ወጥና በጎመን ሞላነው። የእትዬ ጦይባ ቁስል ቀስ እያለ ከዳሩ መዝጋት ጀመረ፤ ከወራት በኋላ ፋሻው ሲወልቅ ሐኪሙን "አሁን ገንፎ እበላለሁ?" አሉት፤ "በጭልፋ ተለክቶ" አላቸው፤ ዞር ብለው እኔን "የትኛው ጭልፋ?" አሉኝ። በልምምዱ የመጨረሻ ቀን ሲስተር ሙሉነሽ ልምምዴን ማጠናቀቄን የሚገልጽ ወረቀት ሰጠችኝ። እናቴ ጎረቤት ሁሉ እንዲያየው ብላ ከማንጎው ሳፋ በላይ ሰቀለችው፤ አቧራ እንዳይበላው በልመና አወረድኩት። አሁን በሳምንት ሁለት ቀን ሆስፒታል እሠራለሁ።

ሐኪሙን፣ ሲስተር ሙሉነሽን፣ ገንቦውን የምትጠብቅልኝን እናቴን፣ ከሁሉ በላይ በታመመ እግራቸው የሮጡልኝን እትዬ ጦይባን አላህ ይስጥልኝ። ጋሽ ደምሴንም ቢሆን አመሰግናለሁ፤ ሆስፒታሉን ባይከሱልኝ ኖሮ በራሴ እጅ አልጽፍም ነበር።

ለእናንተ፣ መርፌውን አሁን ለጀመራችሁ፣ የምለው ጥቂት ነው። ገና ላልቀረበላችሁ ምግብ ኢንሱሊን አትውጉ። መጠኑን ያለ ሐኪም አትቀይሩ። ሦስት ማንኪያ ስኳር በወረቀት ጠቅልላችሁ ወይም ከረሜላ ሁልጊዜ ያዙ፤ ሲያንቀጠቅጣችሁ ወዲያው ውሰዱ፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ ለኩ፣ ካልተስተካከለ ድገሙ።

እንደኔ ዓይን አፋር የሆናችሁ ደግሞ አውቃለሁ፣ ይህ ሁሉ ከመርፌው በላይ ያማል። ብዙ መናገር አይጠበቅባችሁም። በየምትገቡበት ቤት ለአንድ ሰው፣ በሹክሹክታም ቢሆን፣ ይህን ብቻ በሉ፦ "የስኳር ሕመም አለብኝ፤ ሲያንቀጠቅጠኝ ካያችሁ ጣፋጭ ስጡኝ።" ከዚያ በኋላ ዝም ማለት ከፈለጋችሁ ዝም በሉ። እኔም እንደዚያው ነው የማደርገው።